ዳማ አልጋዋን ስትበላ

ኮሎምበስ፣ ኖቬምበር 4

ለልጄ ለሙአዝ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? የምትበላው ሐላል ነው ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህ ትዋሸኛለህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ልጄ ዙልፋም ሰላም በይልኝ ብላሃለች፣ በእንግሊዝኛዋ ነው እንጂ።

በመጀመሪያ አውፍ በለኝ። ስልክ ስትደውል አላነሳሁም። «ተቆጥተሽኝ ነው?» ብለህ ለጻፍከው፣ ወላሂ አልተቆጣሁህም። አክስትህ ነኝ፣ የእናትህ ታናሽ፤ አንተን ልቆጣ የምችለው እሷ ስትፈቅድልኝ ብቻ ነው። ኦቤትስ የምሠራበት መጋዘን ሽፍቴን ወደ ማታ ቀየሩብኝ። ስልካችንን በር ላይ ሎከር ውስጥ ቆልፈን ነው የምንገባው። ቀን ስትደውል ተኝቻለሁ፣ ማታ ስትደውል የሰው ካልሲና ጫማ ካርቶን ውስጥ እጠቀጥቃለሁ። ስለዚህ ለጊዜው በደብዳቤ እንገናኝ። ድሮ ሰው በደብዳቤ ይጋባ የለ?

ስለ እነዚያ ጉዶችህ ጠይቀኸኛል። ሁለቱም ደህና ናቸው። ክሊንተንቪል የተከራየህበት ቤት ባለቤት፣ አሜሪካዊቷ አሮጊት፣ የአይጦችህን ኬጅ ስታስረክበኝ እንባዋን እያበሰች ነበር። እኔ ደግሞ እጄን በፌስታል ጠቅልዬ ተቀበልኳት። አንተዬ፣ እኔ አይጥ የማውቀው በወጥመድ ነው! ደሴ ያለ ሰው ዘኪያ ሰላት በምትሰግድበት ቤት አይጥ በክብር ታኖራለች ብሎ ቢሰማ ምን ይለኛል? ለእባብ ምሳ ሊሸጡ ሲሉ ከእንስሳት መሸጫው፣ ከፔት ስቶሩ ሥራህ አዝነህ ያመጣሃቸው መሆኑን ባላውቅ አንድ ቀን አላሳድራቸውም ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላል ያገሬ ሰው። የኢሚግሬሽን ሰዎች ሌላ ሰው ፍለጋ መጥተው አንተን ይዘው ሄዱ። አሁን ዳዋው ታስሮ አይጧን እኔ እቀልባለሁ።

የምጠይቅህ ነገር አለ። ዳማ፣ ያቺ ቡናማዋ፣ ጉዝጓዟን ትበላለች። ምግቧ ከጎኗ ተቀምጦ፣ ዱባው፣ ሩዙ፣ ያ በከረጢት የሚሸጠው ምግባቸው ሁሉ ሞልቶ፣ እሷ ግን የተነጠፈላትን ታኝካለች። በስመላህ፣ የገዛ አልጋውን የሚበላ ፍጡር አይቼ አላውቅም። የሚጎድላት ነገር ካለ ንገረኝ። አደራ በላ መባል አልፈልግም።

እናትህን ጠይቀኸኛል። ደህና ናት። ጉሮሮዋን ይዟት ድምጿ አልወጣ ብሎ ነው ስልክ ያላነሳችው። ዱዓ አድርግላት።

አክስትህ ዘኪያ

---

ኖቬምበር 10

ውድ እትዬ ዘኪ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። ደብዳቤሽ ተከፍቶም ቢሆን ደረሰኝ። ሦስቴ አነበብኩት። እዚህ ሰው ደብዳቤ ሲመጣለት ሌላው እንደ ሠርግ ቤት ከቦ ያየዋል። ጋሽ ሀብተማርያም የሚባሉ፣ በአሮጌ ጉዳይ የተያዙ ትልቅ ሰው አብረውኝ አሉ፤ አልጋቸው ከኔ በላይ ነው። የፌስታሉን ነገር ሳነብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ባለቤታቸው እትዬ ሰብለ እዚያው ኮሎምበስ ናቸው፣ እሁድ እሁድ እየመጡ ይጠይቋቸዋል።

ወደ ዳማ ልምጣ። አይጥ ዝም ብላ አልጋዋን አትበላም። መጀመሪያ እዪልኝ፤ ትቀዳድደዋለች ወይስ ትውጠዋለች? የምትቀዳድደው ከሆነ ጎጆ እየሠራች ነውና ተያት። ጥርሳቸው ደግሞ እስኪሞቱ ማደጉን አያቆምም። ካላኘኩ አፋቸው አልዘጋ ይላል፤ ስለዚህ የሚታኘክ ጠንካራ ነገር፣ ካርቶን፣ እንጨት ስጫት። ሩዙ ጉዝጓዙ ላይ ፈሶ ከሆነም ፍርፋሪ ፍለጋ ይሆናል። የምትውጠው ከሆነ ግን ሌላ ነው። የጎደላት ነገር አለ ማለት ነው፤ ወይ ገለባ ነክ ምግብ፣ ወይ ሥራ። ሥራ የፈታች አይጥ ያገኘችውን ትበላለች። ጨርቅ ካለ በቶሎ አውጪው፣ አንጀቷን ይቋጥርባታል። መዋጧን ለማወቅ ኩሷን መመርመር አለብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አንድ ነገር አደራ፤ ሽታ ያለው ሰጋቱራ እንዳትገዥ። ሽታው ለኛ ደስ ይላል፣ የእነሱን ሳንባ ግን ይጨርሰዋል። በተለይ ያቺ ሌላዋ፣ ቡላ፣ ደረቷ ደካማ ነው። ተራ፣ ያልታተመ ወረቀት ቀዳድደሽ አንጥፊላቸው።

እኔ እንዴት ነህ ላልሽው፣ አለሁ። መስኮቱ ብርሃን እንጂ ሌላ አያስገባም። መብራቱ አይጠፋም። ቀኑን የምለየው በምግቡ ነው፤ ድንቹ ክብ ከሆነ ማክሰኞ፣ የተፈጨ ከሆነ ሐሙስ። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው፣ በሩ፣ ግድግዳው። የማደርገው ነገር የለኝም እትዬ፣ ምንም የማደርገው የለኝም።

ይኸውልሽ እንዳትጮኺብኝ። መኮንኑ ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። በፈቃዴ ወደ አገሬ እመለሳለሁ የሚል ነው። ዲሴምበር ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ ልፈርምለት ነው። ሎየሩ ጃንዋሪ ላይ ዳኛ ፊት ትቀርባለህ ይላል። እሱ ጃንዋሪ ሲል አፉ ላይ ቀላል ናት። እኔ እማዬን ማየት እፈልጋለሁ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። ስደውል አታነሳም። አንቺም አታነሺም። የአንቺ ድምፅ እንኳ ቢሆን ይበቃኝ ነበር፤ ድሮም በስልክ ሁለታችሁን መለየት እያቃተኝ ስንቴ ስቃችሁብኛል።

ሙአዝ

---

ኮሎምበስ፣ ኖቬምበር 17

ልጄ ሙአዝ፣

የአላህ ሰላም ላንተ ይሁን። ለጋሽ ሀብተማርያምም ሰላምታዬን አድርስ፤ ሳል ስላስያዝኳቸው አውፍ ይበሉኝ።

ወላሂ ኩሷን መረመርኩ! አሜሪካ ድረስ መጥቼ መነጽር አድርጌ የአይጥ ኩስ በጥርስ መጎርጎሪያ ልበትን! ዙልፋ ቪዲዮ ልታነሳኝ ስትል በነጠላ ጫማ አባረርኳት። ቀይ ክር ተገኘበት። ቀዩ ስካርፕህ ነው። በርዷት ይሆናል፣ ጠረኑም የለመደችው ነው ብዬ ቆርጬ አንጥፌላት ነበር። እሷ ልትተኛበት መስሎኝ፣ ለካ ራት አድርጋዋለች። ወዲያው አወጣሁት። አሁን ያልታተመ ወረቀት፣ የመጸዳጃ ወረቀት ካርቶን፣ ደረቅ ሣር፣ ቅቅል እንቁላል፣ አንተ ያልከውንም ያላልከውንም ሁሉ ሰጥቻታለሁ። ካርቶኑን በአንድ ቀን ፈጨችው። ከዚያ ተመልሳ ወረቀቱን ትውጣለች። ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጥና በእጇ ይዛ፣ ልክ ቂጣ እንደሚበላ ሰው፣ ቀስ እያለች ትበላዋለች። ምን ይሻላታል?

ስለ ወረቀቱ። አንተ ልጅ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል አልሰማህም? አንዴ ከፈረምክ ያ ወረቀት አይለቅህም። አንተን ፍለጋ ሌሊት እናትህን በር የሰበሩባት ሰዎች ዛሬም እዚያው ናቸው። ወንድምህን ወስደው የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። አንተን «ደብቁት፣ ሸኙት» ብላ የላከችህ እሷ ራሷ አይደለችም? «ሬሳውን ከማቅፍ ናፍቆቱ ይግደለኝ» ያለችው ለእኔው ነው። አንተ ድንቹ ሰለቸኝ ብለህ ይህን ሁሉ ልታፈርሰው ነው? መታሰር ቀላል ነው እያልኩህ አይደለም። ባወራው ይቅለልህ እንደሆነ እንጃ፣ እኔም ከመጋዘኑ ስመጣ ኬጁ ፊት ቁጭ ብዬ ስለ አንተ አለቅሳለሁ። ግን ጃንዋሪን ጠብቅልኝ። በጡቷ ይዤሃለሁ።

እናትህ ድምጿ ገና ነው። ለማገገም ወረኢሉ ዘመድ ጋ ወስደዋታል፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። ለዚያ ነው ስትደውል የማታገኛት። አታስብ።

አክስትህ ዘኪያ

---

ኖቬምበር 24

እትዬ ዘኪያ፣

ቡላ ሞታለች።

አትጻፊልኝ፣ ገብቶኛል። ሁለት አይጦች ሲሆኑ አንዷ የአንዷን ጠጉር ትልሳለች፣ ተዛዝለው ይተኛሉ፣ ይጣላሉ፣ አንዷ ስትበላ ሌላዋ ትነጥቃታለች። ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ወረቀት የምትውጥ አይጥ ብቻዋን ናት። በደብዳቤሽ ሁሉ «ዳማ፣ ዳማ» ነው፤ ቡላ ምን ትበላለች፣ የት ትተኛለች፣ አንድ መስመር የለም። መጀመሪያ «ሁለቱም ደህና ናቸው» ስትዪኝም ወላሂ አላልሽም። አንቺ ኩስ ስትመረምሪ እንኳ ወላሂ የምትዪ ሰው!

በአንድ በኩል ሳቄ መጣ። ለአይጥም መርዶ ይደበቃል? እንዳላለቅስ ፈርተሽ ነው? በሌላ በኩል ግን ተናደድኩ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። እዚህ ማንም ምንም አይነግረኝም። በሩ ሲከፈት ለምን እንደተከፈተ አይነግሩኝም፤ ሲዘጋም እንደዚያው። ቢያንስ አንቺ እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ነበር።

ዳማ ለምን አልጋዋን እንደምትበላ አሁን ከፔት ስቶር ሳይሆን ከራሴ ነው የማውቀው። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሀብተማርያም ከላይኛው አልጋቸው ወርደው እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ። ለካ የብርድ ልብሱን ጫፍ እያኘክሁ ኖሯል። ጥርሴ መሐል ክር ነበር። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም፤ ጫፉ ግን ተበልቶ አልቋል። እርቦኝ አይደለም። አፌ ሥራ ስለፈታ ነው መሰለኝ። ቀኑ አያልቅም፣ የምታወሪው ሰው ሁሉ ያንኑ ያወራል፣ እጅሽ የሚይዘው ነገር የለም። አጠገብሽ ያለው የሚቀመሰው ነገር ደግሞ አልጋሽ ብቻ ነው። አንዳንዴ ሳላቅማማ ግድግዳውንም የምነክሰው ይመስለኛል።

ስለዚህ እፈርማለሁ። የሸሸሁትን ረስቼው አይደለም። እማዬም እንደ ቡላ ሳልሰማ እንዳታመልጠኝ ፈርቼ ነው። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። «እናትህ ሩቅያ ደህና ናት፣ ወላሂ» ብለሽ ጻፊልኝ። አንዲት ቃል ናት። እሷን ካልሽኝ ጃንዋሪ ድረስ ብርድ ልብሱን እየበላሁም ቢሆን እጠብቃለሁ። ካላልሽኝ ግን ታማለች ማለት ነውና ፈርሜ እሄድላታለሁ።

ሙአዝ

---

ኮሎምበስ፣ ኖቬምበር 30

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣ ሙአዝ፣

ወላሂ በይልኝ አልከኝ። አልልም። ልለው አልችልም።

እዚህ ጋ አቁም። ሁለተኛውን ገጽ አትግለጥ። አሁን ተነሥና ጋሽ ሀብተማርያምን ጥራቸው። እሳቸው ያውቃሉ፤ ዛሬ እሁድ እትዬ ሰብለ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ ሁሉን ነግሬ ልኬያቸዋለሁ። ደብዳቤዬ ሳይደርስህ እንዳትፈርም ያሉህም ለዚህ ነው። ስልክ አንስቼ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ግን ስልኩ ግድግዳ ላይ ነው፣ ቆመህ ነው የምታወራው፣ ደቂቃው ሲያልቅ ይዘጋል። እንደዚያ አድርጌ ልጥልህ አልቻልኩም። እኛ አገር ይህን የመሰለ ነገር ሲነገር ሽማግሌ ይላካል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ተዘጋጅቶ ነው። ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። አሁን ለአንተ ያለሁህ ሽማግሌ ጋሽ ሀብተማርያም ናቸው። ጎንህ ይቀመጡ። እጅህን ይያዙህ። ከዚያ ግለጥ።

[ሁለተኛ ገጽ]

ሙአዝ፣ እናትህ ሩቅያ ወደ አኺራ ሄዳለች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነበር፣ ጁምዓ ጠዋት። ጉሮሮዋን አልነበረም፣ ልቧ ነበር። ስልኩን ትራሷ ላይ አድርገውልኝ እስከ መጨረሻው አብሬያት ነበርኩ። አልተሠቃየችም፣ ወላሂ። ሸሃዳዋን ብላለች፣ ወላሂ። ወረኢሉ የሚባል ነገርም የለም፤ ደሴ ነው ያረፈችው፣ አባትህ ጎን።

ስም የጠራችው የአንተን እንጂ የሌላ የማንንም አይደለም። መታሰርህን ታውቅ ነበር። «እስኪወጣ እንዳትነግሩት፣ ከሰማ ይመጣል፣ ከመጣ ይገድሉታል» አለችኝ። በአላህ ስም አስማለችኝ። ማልኩላት። ያንን መሐላ ይኸው ዛሬ አፈረስኩ። እሷ ያላወቀችው፣ መደበቃችን ራሱ ሊያመጣህ መሆኑን ነው። ብነግርህ ልብህ ይሰበራል፤ ባልነግርህ ፈርመህ ባዶ ቤት በር ታንኳኳለህ። ሁለቱንም ሌሊት ከሌሊት ሳገላብጠው ከረምኩ። የተሰበረ ልብህን ከነሕይወትህ መረጥኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሷም ትማረኝ።

ሽፍቴም አልተቀየረም። ስልክ ያላነሳሁት ድምፄ ያጋልጠኛል ብዬ ነው። አንተ «እትዬ» ስትል እኔ ለቅሶዬ ያመልጠኛል። ደግሞ ድምፃችሁ አንድ ነው ትለን ነበር። በእሷ ድምፅ ልዋሽህ አልደፈርኩም።

ቡላን ደግሞ እኔ ነኝ የጨረስኳት። ቤቱ የአይጥ ሽታ እንዳይኖረው ብዬ ያንን ጥሩ ጠረን ያለውን ሰጋቱራ ገዝቼ ነበር፤ አንተ ሳንባቸውን ይገድላል ብለህ ስትጽፍ እሷ ሞታ ነበር። እኔ ምን አውቃለሁ? ዙልፋ በጫማ ካርቶን ከቤቱ ጀርባ ቀበረቻት። «ማም፣ ዱዓ ይደረግላታል?» ብትለኝ እኔ እህቴን እያሰብኩ አልቅሼ አላባራ አልኩ፤ ልጅቷ ለአይጥ መስሏት ደነገጠች። «ዳማም ብቸኝነት ነው የያዛት» ብላኝ ነበር ከመጀመሪያው፣ እኔ ነኝ ልጽፍልህ ያልፈለግሁት።

ልጄ፣ አትፈርም። ለማን ትሄዳለህ? የምትሄድላት ሰው የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እዚያ እንዳትገኝ። አልቅስ፣ እኔንም ስደበኝ፣ ግን አትፈርም።

አክስትህ ዘኪያ

---

ዲሴምበር 9

ለእትዬ ዘኪያ፣

ገጹን የገለጡልኝ ጋሽ ሀብተማርያም ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፍልሽም።

ልሰድብሽ ጀምሬ ሁለት ደብዳቤ ቀድጃለሁ። አሁንም ተቆጥቻለሁ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። እሷ አፈር ስትገባ እኔ እዚህ ስለ ድንች ስጽፍልሽ ነበር። «ዱዓ አድርግላት» ብለሽኝ ለጉሮሮዋ ዱዓ ሳደርግ ከረምኩ። ያ ሁሉ ዱዓ የት ሄደ? ጋሽ ሀብተማርያም «አይጠፋም፣ የእናት አድራሻ የሚጠፋው ዱዓ የለም» አሉኝ። ክርስቲያን ናቸው፣ ግን እንደዚያ አሉኝ።

እዚህ አንድ ሞሪታኒያዊ ልጅ አለ፣ ቁርአን በቃሉ የሚያውቅ። እሱ አሰግዶኝ ሬሳዋ በሌለበት ሰላተል ጋኢብ ሰገድኩላት። ሌሎች አራት አምስት ሰዎች ተሰለፉ። ጋሽ ሀብተማርያም ከኋላ ፎጣዬን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ሦስት ቀን ማንም ብቻዬን አልተወኝም። ስፓኒሽ የሚናገሩት እንኳ እየመጡ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ይቀመጡ ነበር። ለቅሶ ተቀመጥኩ ማለት ነው እትዬ፣ እዚህም ለቅሶ ተቀመጥኩ።

መኮንኑ ሐሙስ መጣ፤ ድንቹ የተፈጨ ነበር። ወረቀቱን ዘረጋልኝ፣ እስክሪብቶ ሰጠኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለመፈረም የቃጣሁት በዚያች ቅጽበት ነው። እሷ ስለሌለች፣ እዚያም ሆንኩ እዚህ ምን ለውጥ አለው ብዬ። ከዚያ በር የሰበሩባት ሌሊት ትዝ አለኝ። በጓሮ ስትገፋኝ የነጠላዋ ጫፍ አጥሩ ላይ ቀርቶ፣ ሳትዞር ነው የተመለሰችው። እስክሪብቶውን መለስኩለት።

ጃንዋሪን እጠብቃለሁ። ይለቁኝ አይለቁኝ አላውቅም። ሎየሩም አያውቅም። በሩ ዛሬም ለምን እንደሚከፈት አይነግሩኝም። ብርድ ልብሱንም ማኘክ አልተውኩም፤ ሲያዩኝ ጋሽ ሀብተማርያም ከላይ በእግራቸው ይነካኩኛል።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ለዳማ ጓደኛ ፈልጊላት፤ ካርቶንም እንቁላልም አያድናትም። ሁለተኛው፣ ስልክ አንሺልኝ። ከእንግዲህ የምትደብቂው ነገር የለሽም።

ሙአዝ

---

ኮሎምበስ፣ ዲሴምበር 15

ልጄ ሙአዝ፣

አላህ ያጽናህ። አብሽር። ቁጣህን ተቀብያለሁ፣ ይገባኛል። ጋሽ ሀብተማርያምን አላህ ይክፈላቸው። እትዬ ሰብለ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ብል እሳቸው ቀድመው አቅፈውኝ ሁለታችንም ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልን።

ከዙልፋ ጋር ወደ ድሮ ሥራህ ሄድን። ለእባብ ከተቀመጡት መሐል አንዲት ጭንቅላቷ ነጭ የሆነች ትንሽዬ ሴት መረጥን። ሻጩ «የትኛው እባብ ነው ያለሽ?» ብሎ ቢጠይቀኝ «እባብ የለኝም፣ አይጥ ነው ያለኝ» አልኩት። ዳማ መጀመሪያ በኬጁ ሽቦ በኩል አሽትታ ጀርባዋን ሰጠቻት። በነጋታው ተናከሱ፣ እኔ ደግሞ በወጥ ማንኪያ ገላገልኩ። ትላንት ማታ ግን ከሥራ ስገባ ትንሿ በዳማ ጀርባ ላይ ተዘርግታ ተኝታለች። ወረቀቱን ዛሬም ትቀዳድዳለች። ግን ኩሷን አይቻለሁ፣ ወላሂ፣ አልዋጠችውም። ጎጆ እየሠሩ ነው።

ሽፍቴ ድሮም ቀን ነው። ጁምዓ ማታ ደውል። ምናልባት መጀመሪያ ሁለታችንም የምንናገረው ይጠፋን ይሆናል፤ ደቂቃው ይለቅ፣ ግድ የለም፣ መልሰህ ትደውላለህ። እኔ ግን አነሳለሁ። ድምፃችን አንድ ነው ብለህ የለ? እሷ እንደምትጠራህ «ሙኢዬ» ብዬ እጠራሃለሁ።

አክስትህ ዘኪያ